ነጠላው ይታጠብ ወይስ ይቀመጥ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ6 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ያደግኩት ወንጂ ነው። አባቴ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር።

እናቴ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ያረፈች ዕለት አልጋዋ ራስጌ ላይ የነበረውን ነጠላና ሻሿን ማንም ሳያየኝ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ ቋጥሬ ቤቴ አመጣሁት። ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ማታ ልጄ ስትተኛ አወርድና እከፍተዋለሁ። ቅቤ፣ የወይራ ጭስ፣ የልብስ ሳሙና፣ ደግሞ አንድ ስም የማላወጣለት ነገር ይሸታል። መጀመሪያ ላይ እማዬ ራሷ ክፍሉ ውስጥ የገባች ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠረኗ እየሳሳ ነው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ምንም አይሸተኝም። ያን ቀን እንደገና የሞተችብኝ ያህል አለቅሳለሁ።

ለሙት ዓመቷ ታናሽ እህቴ መጣች። ፌስታሉን አየችና «ይሄ ታጥቦ ለነዳያን መሰጠት አለበት፤ የሟች ልብስ እንዲህ ቋጥሮ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?» አለችኝ። ተጣላን። እማዬን ያስታመመቻት እሷ ናት። እኔ ሥራ ስለማይለቀኝ የምሄደው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። «ያኔ የት ነበርሽና ነው ዛሬ ነጠላ የምታቅፊው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

ባለፈው ደግሞ በወፍጮ ቤት በር ሳልፍ በርበሬ ይፈጫል። ሽታው ሲመታኝ እግሬ ተብረከረከ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የባጃጅ ሾፌሮች ውሃ አመጡልኝ። አንዳንድ ሌሊትም ፌስታሉ ሳይከፈት ጠረኗ ይመጣብኛል። ባለቤቴ «ጠበል እንሂድ» ይለኛል። እየታመምኩ ነው? ጠረኑ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል? እህቴስ ልክ ናት?

*የእናቷ ልጅ፣ ከአዳማ*

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመ። እሱን በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፍልሽ። አልታመምሽም።

ወፍጮ ቤት በር ላይ የደረሰብሽ በኔም ደርሷል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የድሮው ባቡር ማለቴ ነው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በኛም ከተማ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው። አባቴ መካኒክ ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ቱታው ናፍጣና ግራሶ ይሸታል። ኪሱ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የድሬዳዋ ብርቱካን አይጠፋም። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ይልጥና በየተራ ያጎርሰናል። ናፍጣና ብርቱካን። ለኔ የአባት ጠረን ይሄ ነው።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ አረፈ። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አንዲት ጎረቤት ለእናቴ አዝና ቱታውን አጥባ አሰጣችው። በደግነት ነው ያደረገችው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቱታው ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሮጬ ሄጄ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ሳሙና ብቻ ሸተተኝ። ያቺን ሴት ለዓመታት ሰላም አላልኳትም።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን መኪና ላሠራ ጋራዥ ቆሜአለሁ። ከጎኔ አንድ ልጅ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። በቃ፣ አባቴ መጣ። ጉልበቴ ላላ። የመጣልኝ ደግሞ ፎቶው ላይ የማየው ፊቱ አልነበረም። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር መሐል ለመሐል ስንጥቅ ነበር። ያን ስንጥቅ ያን ሁሉ ዓመት ረስቼው ኖሬአለሁ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ጥፍሩን አየሁት።

ይህን የነገርኩሽ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ነው። ደግሞ ቱታው ከታጠበ ስንት ዘመኑ፣ ጠረኑ ግን ሌላ ቦታ ቆይቶ ጠበቀኝ። ይህን ነገር ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ሽታ ለምን እንዲህ እንደሚጥል በአጭሩ ልንገርሽ። ዓይናችን ያየው፣ ጆሯችን የሰማው ነገር ስሜትና ትዝታ ወዳለበት የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ማከፋፈያ ያልፋል። ሽታ እዚያ መቆም የለበትም። ከአፍንጫችን ጣሪያ የሚነሱት ነርቮች ከዓይናችን መሐል ከፍ ብሎ ወዳለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ይገባሉ። ከዚያ መንገዱ በጣም አጭር ነው። ፍርሃትንና ፍቅርን የምታነቃው አሚግዳላና ትዝታን የሚያስቀምጠው ሂፖካምፐስ ጎረቤቶቿ ናቸው። ለዚህ ነው «ይሄ ምንድነው የሚሸተኝ?» ብለሽ ሳታስቢ እንባሽ የቀደመሽ። ስሙን ከማወቅሽ በፊት ልብሽ አውቆታል።

እኛ ሰዎች ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ መቀበያ ዓይነቶች አሉን። አንዱ ሽታ ብዙዎቹን በአንድ ላይ ይነካል፤ እንደ በገና አውታር በይው። ይህን አሠራር የገለጡት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ደጋግመው አይተዋል። ፎቶ ወይም ቃል የሚቀሰቅሰው ትዝታ አብዛኛው ከአፍላነት ዘመን ነው። ሽታ የሚቀሰቅሰው ግን በአብዛኛው ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት ወዳለው ይወስደናል። አንድ ሽታ መጀመሪያ ከተገናኘው ነገር ጋር ይጣበቃል። በኋላ ሺህ ጊዜ ብናሸተው የመጀመሪያው አይለቅም።

እና አንቺ የ10 ዓመት ልጅ ሳለሽ በርበሬ የት ነበር? እናትሽ ጓሮ ውስጥ ነበር። ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላው ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ደርቆ። አንቺ ዶሮ እንዳይበላው ትጠብቂያለሽ። እያስነጠሰሽ ወፍጮ ቤት ተከትለሻት ትሄጃለሽ። ይህን ሁሉ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም። ግን በርበሬ ከሚዘጋጅበት ቤት የወጣ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በሽታ አላገኘሽም። እናትሽን ነው ያገኘሻት።

ስለ ወንጂም አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወንጂ ውስጥ ያደገ ሰው ሸንኮራ ሲቃጠል የሚመጣውን ያውቃል። ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይለኮሳል። ሰማዩ ይጠቁራል። ከዚያ ያ ጥቁር ብናኝ በየቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እናቶችም የተሰጣ ልብስ ለመሰብሰብ ይሯሯጣሉ። ፋብሪካው ሲሠራ ደግሞ የሞላሰሱ ሽታ አለ፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። የመጀመሪያው ፋብሪካ በሆላንዶች ተተክሎ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሁለተኛው፣ ሸዋ የሚባለው፣ በ1962 ተጨመረ። ሁለቱም ዛሬ ሥራ አቁመዋል። አዲሱ ፋብሪካ ሌላ ቦታ ነው። እንግዲህ የልጅነትሽ ሽታ ግማሹ ከእናትሽም በፊት ሄዷል። ያ «ስም የማላወጣለት» ያልሽው ነገር ውስጥ ወንጂ ራሷ ሳትኖርበት አትቀርም። አንዲት ነጠላ ላይ እናትሽንም፣ አባትሽንም፣ ሰፈርሽንም ጭነሻል። ስትሳሳብሽ እንዲህ የሚያምሽ ሸክሙ ስለበዛባት ነው።

ወደ ነጠላው ልምጣ።

ጠረኗ ለምን ሳሳ? ሽታ ማለት ከነገሩ ላይ እየተነነ አፍንጫችን የሚደርስ ብናኝ ነው። የሸተተሽ ሁሉ ከነጠላው ላይ ወጥቶ የሄደ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። በየማታው በከፈትሽው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ለቀሽዋል። ፌስታልም ሽታ አይይዝም፤ ሽታ በስስ ላስቲክ ውስጥ ያልፋል። ላስቲኩ የራሱንም ሽታ ያጋባበታል። ከሁሉ የከፋው ቦታው ነው። አዳማ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት! ቀን ቀን እዚያ ያለውን ሙቀት አስቢው። ሙቀት ደግሞ ሽታን ያባርራል።

ሌላው ምክንያት አፍንጫሽ ነው። አፍንጫ የለመደውን ይተዋል። ወጥ ስትሠሪ ቆይተሽ ሽታው እንደማይሰማሽ፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን «ምን ይሸታል በሉ!» እንደሚለው። ምንም በማይሸትሽ ቀን ቡና ቁይ። ቡናው ከሸተተሽ አፍንጫሽ ደህና ነው፣ ነጠላውን ለምዶት ነው። ቡናውም ካልሸተተሽ ጉንፋን ወይም የከተማችን አቧራ ዘግቶሽ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት ከቆየ ሐኪም ይየው። እንደገና ሞተችብኝ ብለሽ ከማልቀስሽ በፊት ይህችን ሞክሪልኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደፍሬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሁን ነጠላውን ስትከፍቺ የሚመጣልሽ ምንድነው? እናትሽ በርበሬ ስትለቅም ነው? ወይስ ያለፈው ሳምንት ማታ፣ አንቺ ብቻሽን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ? ሁለተኛው ከሆነ ተጠንቀቂ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በዚያው ጠረን ላይ አዲስ ትዝታ ስትደርቢበት ቆይተሻል። የመጀመሪያው አይጠፋም ብዬሻለሁ። ግን ይከደናል።

በገጠራችን ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትከለክላለች። ያኔ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላታል። ታሸተዋለች። ትልሰዋለች። ከዚያ ትታለባለች። በልጅነቴ አያቴ ጋ አይቼ ሆዴ ባብቶ ነበር። ያቺ ላም ተታልላ ይሁን አውቃ ይሁን እስካሁን አላውቅም። የማውቀው፣ ያ ጭድ የተሞላ ቆዳ ላሟን ለተወሰነ ጊዜ ጠቅሟታል። አንቺም የመጀመሪያዎቹን ወራት በዚያ ነጠላ ተሻግረሻል። ነውር የለበትም። እህትሽ ነውር ያስመሰለችው አልተስማማኝም። ግን ላሟም ቆዳውን ዕድሜ ልኳን አትልስም።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ከነጠላው ይልቅ ሻሹን አስቀምጪ። ፀጉር ላይ የዋለ ሻሽ ቅቤውንም ጠረኑንም አጥብቆ ይይዛል። ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የብርጭቆ ማሰሮ ፈልጊ፣ የማር ጠርሙስም ይሆናል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ምንም እስከማይሸት ፀሐይ ላይ ይዋል። ሻሹ ፈጽሞ ደረቅ መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ፤ እርጥበት ካለው ይሻግታል። አጥፈሽ ክተቺና ክደኚው። ቁም ሣጥኑ ሥር፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪው። በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቺው። አንዱ የሙት ዓመቷ ዕለት ይሁን። ሌላውን አንቺ ምረጪ፤ የደስታ ቀን ይሁን ግን። አልዋሽሽም፣ ለዘላለም አይቆይም። ቅቤም የገላ ወዝም አየር ሲነካቸው ይለወጣሉ። ለጥቂት ዓመታት ግን ያቆይልሻል።

አሁን ወደዚያ ዓይኔ ወደቆመበት ዓረፍተ ነገር። «እማዬን ያስታመመቻት እሷ ናት» ብለሻል።

የኔ እህት፣ ታናሽ እህትሽ ያንን ፌስታል ስትከፍቺው ምን የሸተታት ይመስልሻል? አንቺን ቅቤና ወይራ ሸቶሻል። አንቺ እናትሽን ያየሻት እሑድ እሑድ ነው፤ ታጥባ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ። ያን የምታሰናዳው ማን ነበር? እህትሽ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያ ነበረች። የመድኃኒቱ ሽታ፣ የዴቶሉ፣ የረጠበ አንሶላ፣ ሌሊቱን ሙሉ የታመመ ሰው ትንፋሽ። ያ ነጠላ የአልጋው ራስጌ ላይ የነበረው ነው፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት አይቷል። አንቺ ልጅነትሽን ስታሸቺበት እሷ ሞቷን ነው የምታሸትበት። «ይታጠብ» ያለችው እናቷን ለማጥፋት አይመስለኝም። ሕመሙን ለማጠብ ነው። ምናልባትም ከሕመሙ በፊት የነበረችውን እናቷን መልሳ ለማግኘት።

አንድ ጨርቅ ነው። ሁለት አፍንጫ ነው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

እና ያቺ ክፉ ቃል፣ «ያኔ የት ነበርሽ» ያለችሽ። አስከፍታሻለች፣ አውቃለሁ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ የምንለው ለእንዲህ ያለው ነው። ግን ማታ ማታ ያንን ቋጠሮ የሚያስከፍትሽ ናፍቆት ብቻ ነው? ያልነበርሽባቸውን ሰኞና ማክሰኞዎች እየፈለግሽም እንደሆነ ጠረጠርኩ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልክ ከሆንኩ ግን እነዚያ ቀናት ነጠላው ውስጥ የሉም። ያሉት እህትሽ ጋ ነው። እሷ ብቻ ናት የምትነግርሽ።

ደውዪላት። አንቺ ታላቅ ነሽ፤ አንቺ ጀምሪ። ስለ ነጠላው አታንሺ፣ ስለ ጠቡም አታንሺ። «እማዬ ላንቺ ምን ምን ትሸትሽ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። የኔው ታናሽ ወንድም ስለ አባታችን ይህን ስጠይቀው «ላምባ» አለኝ። ላምባ! እኔ ትዝም አይለኝ። አባታችን ማታ ማታ ኩራዝ እያጸዳ ይለኩስለት ነበር ለካ፣ ጨለማ ስለሚፈራ። አርባ ዓመት አንድ ቤት ስናወራ ኖረን ያን ቀን አንድ አባት ተጨመረልኝ።

ከታረቃችሁ በኋላ ነጠላውን ሁለታችሁ አብራችሁ እጠቡት። በእጃችሁ፣ በሳፋ፣ እናታችሁ ትጠቀምበት በነበረው ሳሙና። ማሽን ውስጥ አትክተቱት። ከዚያ ለነዳያን ይሰጥ ወይስ ይቀመጥ የሚለው የሁለታችሁ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ነጠላውን እህትሽ ትልበሰው። ያስታመመችው እሷ ናት። ሻሹ ላንቺ፣ ነጠላው ለሷ።

ለነዳያን የእናታችሁን ሌላ ልብስ ስጡ፤ ያም መልካም ነው፣ ወጋችንም ነው።

አሁን ጋራዡን አስታውሺልኝ። የአባቴ ጠረን ቱታው ውስጥ አልቀረም ነበር። ናፍጣና ብርቱካን የትም አለ። የእናትሽም አብዛኛው እንዲያው ነው። ቅቤው የጠጉር ቅቤ ከሆነ ለጋ ቅቤ በአደስ ነው የሚሆነው። ገበያ ወርደሽ አደስ ግዢ፣ ለጋ ቅቤ ግዢ፣ ቀቢው። የምግብ ቅቤ ከሆነ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድ፣ በሶብላ ነው። ግን መጠኑ ቤት ለቤት ይለያያል። እናትሽ ኮሰረቱን ታበዛ ነበር ወይስ ኮረሪማውን? ይህንንም እህትሽ ታውቀው ይሆናል። ካላወቀች ከእናትሽ ጋር እቁብ የምትጥል፣ ዕድር የምትውል አንዲት እናት ወንጂ ውስጥ አትጠፋም። ሳትዘገዪ ሂጂ፤ እነሱም እያረጁ ነው። ጭሱ የወይራ ነው ብለሻል። እንግዲያው ወይራ አጪሺ፤ የወተቱን ዕቃ እጠኚ፣ ቤቱንም እጠኚ። አንድ ቀን እጅሽ ላይ ትክክለኛው ይመጣል። ያን ቀን ብቻሽን አትሁኚ።

የማይሠራው አንድ ነው፤ ያ ስም የሌለው። የወንጂው ሲቀነስ የሚቀረው የገላዋ ጠረን ነው። እሱ የሷ ብቻ ነበር። ቅመም የለውም።

ግን እሱም ቢሆን ጨርሶ አልሄደም። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ጠረን ይመሳሰላል። የማያውቃቸው ሰው እንኳ የእናትና የልጅን ልብስ አሽትቶ ሊያዛምድ እንደሚችል ታይቷል። ከእናትሽ ጥቂቱ አንቺ አንገት ላይ አለ። አንቺ አታሸቺውም፣ የራስ ጠረን አይሸትምና። ልጅሽ ግን ታሸተዋለች። ሲመሽ አንገትሽ ሥር የምትወሸቀው ለምን ይመስልሻል? አዲስ የተወለደ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ የእናቱን ጠረን ከሌላ እናት ይለያል፤ እሷ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታጠናሽ ኖራለች። እህትሽ አንገት ላይም አለ። ስትታረቁ ቶሎ አትልቀቂያት።

ስለ ሌሊቱ ጥያቄሽ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሟቹ ጠረን ድንገት የሚመጣበት ብዙ ነው። ይመጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይሄዳል። አትፍሪው። ባለቤትሽን አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ጠበሉ ሰላም ከሰጠሽ ሂጂ። ነገር ግን የማይታወቅ ሽታ፣ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ነገር፣ ደጋግሞ ቢመጣብሽ፣ ራስ ምታት ወይም ራስን መሳት ቢከተለው፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ደግሞ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ከሥራ መቅረት ካበዛሽ፣ ሽታ ፈርተሽ ገበያ መውጣት ከተውሽ፣ ወይም «ወደሷ በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ሐዘን ብቻውን ሲከብድ የሚያግዙ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤሽ ላይ ይህን አላየሁም። ባላየውም ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈለግኩም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ልጅሽ 6 ዓመቷ ነው። ቅድም 10 ዓመት ሳይሞላ ስለሚቀረው ሽታ የነገርኩሽ እሷን እያሰብኩ ነው። አፍንጫዋ አሁን እየሰበሰበ ነው። አሁን ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ሳለ አንቺ ፌስታል ትከፍቻለሽ። እሷ የምታውቀው የላስቲኩን ድምፅ ብቻ ነው።

ዘንድሮ በርበሬ አዘጋጂ። ከገበያ የተፈጨ አትግዢ። እህትሽን ጥሪያት፣ ሦስታችሁ ቀንጥሱት። ሲደርቅ ያቺኑ ወፍጮ ቤት ሂዱ። ልጅሽን በር ላይ አታቁሚያት፤ እጇን ይዘሽ ግቢ። ታስነጥሳለች፣ ዓይኗንም ያቃጥላታል። በነጠላሽ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍኚላት።